በጀርባ መተኛት

ዑምኩልሱም ስትነቃ በቀኝ ጎኗ ተኝታ ነበር።

የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ፊቷ ላይ አርፋለች። ግራ እጇ ደረቷን ተሻግሮ ፍራሹ ላይ ወድቋል። ጉልበቶቿ እንደ ሕፃን ልጅ ታጥፈዋል። ቀኝ ጡቷ ከሥሯ ተጨፍልቆ፣ ልቧ እዚያ ውስጥ የገባ ይመስል ይመታል።

ስትተኛ እንዲህ አልነበረችም። በጀርባዋ ነበር የተኛችው። ሁለት ትራስ ከራሷ በታች፣ አንድ በግራ ብብቷ፣ አንድ በቀኝ ብብቷ፣ ከጉልበቷ ሥር ደግሞ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ አድርጋ ነበር። አሁን የቀኙ ትራስ ግድግዳው ሥር ነው። ወድቆ ቢሆን ኖሮ ተጣሞ ታገኘው ነበር። ትራሱ ግን በሥርዓት፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀምጧል።

«እማ?» አለች።

የሚመልስላት አልነበረም። ቤቱ ውስጥ ማንም የለም።

ይህ ሲሆን ሦስተኛ ጊዜው ነው። በመጀመሪያው ቀን በእንቅልፍ ልቧ ራሷ የተገላበጠች መሰላት። በሁለተኛው ቀን ማስታገሻው ነው ያሰከረኝ አለች። ዛሬ ግን ትራሱን እያየች ብዙ ቆየች።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ዑምኩልሱም ሰባት ዓመት ቤይሩት የሰው ቤት ስታጸዳ ኖራ በ2006 ዓ.ም. ክረምት ወደ አገሯ ገባች። ሐይቅ ከተማ እናቷ ዘንድ አንድ ወር ከርማ፣ «ሥራ ላፈላልግ» ብላ አዲስ አበባ ወረደች። የፈለገችው ግን ሥራ አልነበረም። አንድ የግል ክሊኒክ ገብታ ጡቷን በቀዶ ሕክምና አስቀነሰች።

ሐሳቡን ቤይሩት አልተማረችውም፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ላይ ነው የጀመራት። ያን ጊዜ ጡቷ ከእኩዮቿ ሁሉ ቀድሞ አደገ፤ አድጎም አልቆመም። ለአካባቢው ገበሬ የተሻሻሉ ላሞች በተከፋፈሉበት ዓመት የክፍሏ ወንዶች «የፈረንጅ ላም» የሚል ስም አወጡላት። ስሙ እስከ አሥረኛ ክፍል ተከተላት። ገበያ ስትወጣ ከኋላዋ «እምቧ» የሚል አይጠፋም ነበር። የጡት መያዣዋ ማሰሪያ ትከሻዋ ላይ ቦይ ቆፍሯል፤ ወገቧንም አንገቷንም ያማታል። ለሐኪሙ «ያመኛል» አለችው፤ እውነቷን ነው። «ሕመሙ ብቻ ነው?» ብሎ ሲጠይቃት ግን፣ «ሸሚዝ ቆልፌ መንገድ መሄድ እፈልጋለሁ» አለችው። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ «በቂ ምክንያት ነው» አላት።

ሲያስወጧት ወረቀት ሰጧት። ለስድስት ሳምንት በጀርባ ብቻ መተኛት፣ ከወገብ በላይ ቀና ብሎ። በጎን አለመተኛት፤ በሆድማ ጨርሶ። እጅን ከትከሻ በላይ አለማንሣት። ከፊት የሚቆለፈውን ጠባብ ጡት መያዣ ቀንም ሌትም አለማውለቅ። የመጨረሻው መስመር በደማቁ ተጽፏል፦ አንዱ ጡት ከሌላው ተለይቶ ካበጠ፣ ከጠነከረ፣ ከጋለ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም። ወረቀቱን አጣጥፋ ሻንጣዋ ገበር ውስጥ ሸጎጠችው።

ሐሳቧ ጓደኛዋ ሱረያ ቤት ሆና ስድስቱን ሳምንት እዚያው ልትጨርስ ነበር። ዳሩ የሱረያ አንደበት አያርፍም። የዑምኩልሱም እናት ዘሀራ ደውላ «ልጄ ስልክ የማታነሣው ምን ሆና ነው?» ስትላት፣ «አብሽሪ እማ ዘሀራ፣ ኦፕራሲዮን ሆና ተኝታ ነው» አለቻት። ዑምኩልሱም ስልኩን ነጥቃ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች።

«ሐሞት ነው እማ። የሐሞት ጠጠር።»

በማግስቱ ወንድሟ ኑርዬ ባጃጁን አቁሞ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። እናት እያለቻት የሰው ቤት አትተኛም ተብሏል። እንዲህ ሆኖ ቀዶ ሕክምናው ዘጠኝ ቀን ሲሞላው ዑምኩልሱም በሚኒባስ ወንበር ላይ በትራስ ተደግፋ ሐይቅ ገባች።

እውነቱን ለእናቷ ለመንገር ያልደፈረችበት ምክንያት ነበራት። አንዲት የሰፈር ልጅ ከጅዳ አፍንጫዋን አሠርታ መጥታ ነበር። ዘሀራ ያን ጊዜ፣ «የአላህን ሥራ ልታርም ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ሄደች» አለች። የሰማ ሁሉ ሳቀ። ዑምኩልሱምም ስቃ ነበር።

ዘሀራ እንደዚህ ስትናገር ሰው የሚሰማት በሥራዋ የተነሣ ነው። በሐይቅና በዙሪያዋ ሙስሊም ሴት ስትሞት ጀናዛ የምታጥበው እሷ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት አጥባለች። አጭር ናት፤ ከሲታ ናት፤ ግን በማጠቢያው ሳንቃ ላይ የተጋደመችን ሴት፣ እጥፍ የምትከብዳትን እንኳ፣ ክርኗን ከትከሻዋ ሥር አስገብታ ያለ አጋዥ ወደ ጎን ታዞራለች። አብረዋት የሚያጥቡት ሴቶች፣ «እትዬ ዘሀራ ስታዞር የተኛ ሰው እንኳ አይነቃም» ይላሉ።

ልጇ የመጣች ዕለት የራሷን አልጋ ለቀቀችላት። ትራስ ከየጎረቤቱ ተለመነ። ከዚያ ዑምኩልሱም ትራሶቹን እንዴት እንደምትደረድር ቆማ አየቻት፤ ስትጋደምም አየቻት። ልጅቷ ቀና ብላ በጀርባዋ፣ እጆቿን በጎንና ጎኗ አድርጋ፣ ዓይኗን ወደ ጣሪያ አቅንታ ተኛች።

«እንዲህ ተገትረሽ ነው የምትተኚው?»

«ሐኪሙ ነው ያለው።»

«ለሐሞት?»

«ለሐሞት።»

«የአሚናት ልጅ ሀጀራ ሐሞቷ ሲወጣላት በጎኗ ነው የተኛችው። ረሱልም በቀኝ ጎን ነው የተኙት።»

«የሀጀራ ሐኪም ሌላ ነው እማ።»

ዘሀራ መጥረጊያውን አነሣች። ወጥታ ደጁን ጠረገች። ትንሽ ቆይታ ተመልሳ በበሩ ሽንቁር አየቻት፤ ደግሞ ወጣች።

ለሐሞት የሚሆነውን ሁሉ አደረገች። ቅቤ ከማዕዷ ጠፋ። ጠዋትም ማታም የተቀቀለ ቆሮሶ ዓሣ ይቀርባል፤ ያለ ዘይት፣ ያለ በርበሬ። ኑርዬ አጠገቧ ተቀምጦ ጨጨብሳውን በቅቤ እያጠቀሰ ይበላል።

«አላሳዝንህም?» ትለዋለች።

«ምን ላድርግሽ? ሐሞት የለሽም። ከእንግዲህ ሐሞተ ቢስ ነሽ።»

እሱ ይስቃል። እሷ ትስቅና ከዚያ ነገሩ ሲገባት ሳቋ ይቆማል።

በአራተኛው ቀን ጎረቤታቸው መንበረ ልትጠይቃት መጣች። መንበረ ከጤና ጣቢያ በጤና ረዳትነት ጡረታ ከወጣች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከዘሀራ ጋር አንድ አጥር ይጋራሉ።

«እህስ የኔ ልጅ፣ ጠጠሩን ይዘሽልን መጣሽ ወይስ እዚያው ጣልሽው?»

«ጣሉት መሰለኝ እትዬ መንበረ።»

«አይ! እኔ አጥሬን ላስጠግን ነበር።»

ዑምኩልሱም ሳታስበው ሳቀች። ስትስቅ ክርኖቿ ጎኗ ላይ ተጣበቁ፤ መዳፎቿ ብብቷ ሥር ገቡ። መንበረ ፈገግታዋን ሰበሰበች። ዘሀራ ውኃ ልታመጣ እስክትወጣ ጠብቃ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«ሠላሳ ዓመት ቁስል አጥቤአለሁ። ሐሞቱ የወጣለት ሰው ሲስቅ ሆዱን ነው የሚይዘው።»

ዑምኩልሱም ጣሪያውን አየች።

«ምን እንደሆነ አልጠይቅሽም። ትልቅ ሰው ነሽ። ግን ትኩሳት ከመጣ እንዳትደብቂ። በዚህ በአጥሩ በኩል 'መንበረ' ብለሽ ጥሪኝ።»

«እሺ።»

«እሺ አትበይኝ፤ ምለሽ ንገሪኝ።»

«አልሃምዱሊላህ፣ ምንም የለኝም እኮ።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም» አለች መንበረ፤ ዘሀራም ውኃውን ይዛ ገባች።

እንግዲህ ያን ከሰዓት፣ ለሦስተኛ ጊዜ በጎኗ ሆና የነቃች ዕለት፣ ዑምኩልሱም በሆዷ ጉልበት ቀስ ብላ ተነሥታ ተቀመጠች። እጇን በልብሷ ውስጥ አስገብታ ደረቷን ዳሰሰች። ግራው ለስላሳ ነው። ቀኙ ግን እንደ ጥሬ ድንች ጠንክሯል። ጣቷን ስታነሣ ሙቀቱ ጣቷ ላይ ቀረ።

ኑርዬ ውጭ ባጃጁን አቁሞ ገባ።

«እማ የት ሄደች?» አለችው።

«ከአርዲቦ በኩል ሴት ሞታ መጥተው ጠሯት። ገና አሁን መውጣቷ ነው።»

«እኔ ስተኛ ሰው ገብቶ ነበር?»

«ማን ይገባል?»

«ትራሱን ማን አነሣው?»

ኑርዬ ትራሱን አየ፤ እሷንም አየ።

«ዱካክ ነው» አለ ዓይኑን አፍጥጦ። «በጀርባው የሚተኛ ሰው ሲያይ ደረቱ ላይ ይወጣል። አንቺን ግን ትራስሽን አስተካክሎልሽ ሄደ፤ ጨዋ ዱካክ ነው።»

«ሂድ ከዚህ!»

ስቆ ወጣ። እሷ ግን በሩን እንዲዘጋው አልፈለገችም።

ዘሀራ የተመለሰችው ለመግሪብ ሶላት ጥቂት ሲቀር ነው። ታጥባ፣ ልብሷን ቀይራ፣ ሰግዳ፣ ከልጇ አልጋ ግርጌ ተቀመጠች። ከጀናዛ ስትመጣ ብዙ አታወራም። ዛሬ ግን እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ እያየች ተናገረች።

«ዕድሜዋ ያንቺው ነው።»

«ምን ሆና ነው?»

«ትኩሳት። ሦስት ቀን ሙሉ ለባሏ 'ብርድ ነው' ስትለው ነበር አሉ።»

«ምን ነበር ታዲያ?»

«ያየሁትን እንደማላወራ ታውቂያለሽ» አለች ዘሀራ። ቀጥላ ግን፣ «ብርድ አልነበረም» አለች።

ዑምኩልሱም ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበች። እናቷ ቀና ብላ አየቻት።

«እጅሽን እንዲህ አትዘርጊው።»

«የት ላድርገው?»

«እኔ እንጃ። የሆነ ነገር ያዢበት። የሞተ ሰው እጅ ብታስጨብጪው አይዝም፤ ጣቶቹን ስታጥፊያቸው መልሰው ይከፈታሉ። ዛሬ ስንት ጊዜ አጥፌላት ነበር መሰለሽ።»

በማግስቱ ትኩሳቱ መጣ። ዑምኩልሱም ከማስታገሻው በላይ የትኩሳት ክኒን ጨመረችበት፤ ላቧን በሻሽዋ ጠረገች፤ እናቷ ግንባሯን ልትነካ ስትመጣ «ፀሐዩ ነው» አለቻት። በጥቅምት ብርድ በፀሐይ የሚያልበው ሰው የለም። ዘሀራ እጇን አንሥታ ሄደች። ከአጥሩ ማዶ መንበረ ከዶሮዎቿ ጋር ስትጨቃጨቅ ይሰማል። አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ መጥራት ብቻ ነበር። ዑምኩልሱም አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። ብትጠራት ቁስሉ ይገለጣል፤ ቁስሉ ሲገለጥ እናቷ ከበሩ ላይ ቆማ ታያለች። «ነገ ይጎድላል» አለች ለራሷ። «በጀርባዬ በደንብ ከተኛሁ ይጎድላል።»

ግን በጀርባዋ በደንብ እንዳትተኛ የሚያደርጋት ነገር ቤቱ ውስጥ አለ።

በሦስተኛው ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ማስታገሻውን ምላሷ ሥር ይዛ፣ እናቷ ዞር ስትል ተፋችው። ትራሶቿን ደረደረች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ትንፋሿን እንደተኛ ሰው አረዘመች። ቀኝ ጡቷ ይመታል፤ ቆዳው የሚቀደድ እስኪመስላት ተወጥሯል። ብዙ ጠበቀች። ከሐይቁ በኩል ነፋስ እየመጣ ቆርቆሮውን ያንቋቋዋል።

በሩ ሳይጮህ ተከፈተ። ባዶ እግር ነው። እርምጃው ከአልጋው አጠገብ ቆመ። ከዚያ የቀኙ ትራስ ከብብቷ ሥር ቀስ ብሎ ተሳበ። የገባው ሰው ትራሱን መሬት ላይ ሲያስቀምጠው፣ ግድግዳው ላይ ሲያስደግፈው ሰማችው። አንድ ክርን ከግራ ትከሻዋ ሥር ገባ። አንድ መዳፍ ዳሌዋ ላይ አረፈ። «ቢስሚላህ» አለ ድምፅ፣ ከትንፋሽ ያልበለጠ።

ክብደት የሌላት ያህል ተነሣች። ሰውነቷ ወደ ቀኝ ሲንከባለል ከፍራሹ ላይ የተነሣችበት እንኳ አልተሰማትም። ጉልበቷ ታጠፈ፤ እጇ ተሻግሮ ተቀመጠ። ቀኝ ጡቷ ከሥሯ ሲገባ ግን ጮኸች።

ዘሀራ ወደ ኋላ ተስፈነጠረች። ያጠበችው ጀናዛ ተነሥቶ የተቀመጠ ይመስል ፊቷ አመድ ሆነ።

«አንቺ ነሽ?» አለች ዑምኩልሱም። «በየቀኑ አንቺ ነሽ?»

«አልተኛሽም ነበር?»

«ለምን እማ? ለምንድን ነው የምታዞሪኝ?»

ዘሀራ ግድግዳው ላይ ተደገፈች።

«አላስቻለኝም» አለች። «በጀርባሽ፣ እጅሽን ዘርግተሽ፣ አገጭሽን ቀና አድርገሽ... ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ የተኛ ሰው ያየሁት ሳንቃ ላይ ብቻ ነው። በበሩ ባየሁሽ ቁጥር እጄ ውኃ ይፈልጋል። ለሐሞት ደግሞ በጎንም ይሆናል ብዬ ነው፤ ሀጀራ በጎኗ ተኝታ ድናለች። ቀስ አድርጌ ነው የማዞርሽ። አመመሽ እንዴ? ሆድሽን ነካሁት?»

እናቷ ሐሞት የወጣለትን ሰው ነበር ያዞረችው። ሐሞት ነው ያለቻት ደግሞ ዑምኩልሱም ራሷ ናት።

እናቷ ፊት ለፊት ቆማ፣ ሁለት እጆቿን ወደ ፊት ይዛ፣ ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስታዘጋጅ፣ ዑምኩልሱም እጆቿን ብቻ አየች። ደረቅ ናቸው፤ ጥፍራቸው እስከ ሥጋው ተቆርጧል። የሆነ ሐሳብ ቀዝቅዞ ወደ ውስጧ ገባ። ዛሬ ካልነገረቻት ነገም ከነገ ወዲያም ላትነግራት ትችላለች። ከዚያ ግን መንገር አያስፈልግም። እነዚህ እጆች ልብሷን በመቀስ ቀደው፣ ማሰሪያዋን ፈትተው፣ ስፌቱን ለጀናዛ በሚበጠበጥ የካፉር ውኃ እያጠቡ ያገኙታል። ከዚህች ሴት የሚደበቅ ገላ ሐይቅ ላይ የለም። የሚመረጠው መቼ ታየዋለች የሚለው ብቻ ነው።

«እማ፣ በሩን ዝጊው» አለች።

ዘሀራ ዘጋችው።

«ሐሞቴ አልወጣም።»

የሸሚዟን ቁልፎች ፈታች፤ የጡት መያዣውን የፊት ማያያዣ አንድ በአንድ አላቀቀች። ግራው ትንሽ፣ ክብ፣ በጥቁር ክር የተሰፋ ነው። ቀኙ እጥፉን አክሏል፤ ቆዳው እንደ በሰለ ሾላ ጠቁሮ ያብረቀርቃል፤ ከስፌቱ ጫፍ ደም ያዘለ ውኃ ይንጠባጠባል። ራሷም እንደዚህ ሆኖ አላየችውም ነበር።

«አስቀንሼው ነው» አለች። «ከልጅነቴ ጀምሮ... እማ፣ አፉ በይኝ።»

ዘሀራ አልጮኸችም። ፊቷ ላይ ዑምኩልሱም ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው የሥራ ፊቷ መጣ፤ ጀናዛ ቤት ስትገባ የምትለብሰው፣ የሚያይ እንጂ የማይፈርድ ፊት። ጠጋ ብላ የእጇን ጀርባ ቀኝ ጡቷ ላይ አሳረፈች፤ ወዲያው አነሣችው።

«እብጠቱ ከመጣ ስንት ቀን ሆነው?»

«ሦስት።»

«ሦስት ቀን» አለች ዘሀራ። «ማን ያውቃል?»

«ሱረያ ብቻ።»

«በጎንሽ እንዳትተኚ የተባልሽው ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

«እኔ ነኝ እንግዲህ ያደረግሁሽ።»

«አይደለሽም። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።»

«ዝም በይ። ብትሞቺ ኖሮ አጥቤሽ አየው ነበር። ያኔ ማንን ነው የምቆጣው?» ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። «ቁጣውን ስትድኚ አደርሰዋለሁ። አሁን ጊዜ የለኝም።»

ማያያዣውን ራሷ መልሳ ቆለፈች፤ ሸሚዟን ቆለፈች፤ በነጠላ ሸፈነቻት። በአጥሩ በኩል «መንበረ!» ብላ ተጣራች። መንበረ እጇ ዱቄት እንደሆነ መጣች፤ ዑምኩልሱምን አንድ ጊዜ ነካ አድርጋ፣ «የሚበላም የሚጠጣም እንዳትሰጧት፤ ቶሎ ደሴ!» አለች። ኑርዬ እየሮጠ ሄዶ ሚኒባስ ያለው ጓደኛውን አመጣ።

ዘሀራ የኋላው ወንበር ላይ መጀመሪያ ገብታ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጠች፤ ልጇን በሁለት ጉልበቷ መሐል አስቀምጣ በደረቷ ደገፈቻት። ከትራሶቹ ሁሉ ይህ ይመቻል፤ ዑምኩልሱም ወገቧ ሲያርፍ ተሰማት። መኪናው በዘለለ ቁጥር እናቷ ከእሷ ቀድማ መንገጫገጩን ትቀበለዋለች።

ኑርዬ ከፊት ዞሮ፣ «ሐሞቷ ነው?» አለ።

«ሐሞቷ ነው» አለች ዘሀራ።

ዑምኩልሱም ዓይኗን ጨፈነች። እናቷ ስታጥብ ያየችውን እንደማታወራ ሁሉም ያውቃል፤ ለሕያው ሰውም እንደዚያው መሆኗን ግን ዛሬ ነው ያወቀችው። ከዚያ መኪናው ዳገቱን ሲይዝ ብርድ ብርድ አላት፤ ጥርሷ ተንቀጫቀጨ። ከኋላዋ የእናቷ ከንፈር ያለማቋረጥ ይነበንባል። ጆሮዋን ጥላ ብታዳምጥ የቁርኣኑ ያሲን መሆኑን ለየችው፤ ሊሞት ለተቃረበ ሰው የሚቀራው።

ደሴ ላይ በዚያው ሰዓት ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧት። ከፍተው የረጋ ደም አወጡ፤ የቆሸሸውን አጠቡ። ሐኪሙ ሲወጣ ለዘሀራ፣ «ዛሬን ቤት ብታድር ኖሮ...» ብሎ ጀመረ፤ ፊቷን አይቶ አልጨረሰውም። ዑምኩልሱም ሆስፒታል ስድስት ቀን ተኛች። ትኩሳቱ ወረደ። የቀኝ ጡቷ ጫፍ ግን እንደ ጠቆረ ነው፤ ይድን አይድን ገና አይታወቅም ተባለ። «መተኛት ነው ያለባት» አለ ሐኪሙ። «በጀርባዋ። ማንም እንዳይነካት።»

ወደ ቤት በተመለሱ ዕለት ዘሀራ ትራሶቹን በእጇ ደረደረች፤ የክሊኒኩን ወረቀት ለኑርዬ ሳታሳይ፣ በመንበረ አስነብባ፣ አንድ በአንድ። ሁለት ከራስ በታች፤ አንድ በግራ፤ አንድ በቀኝ፤ ብርድ ልብሱ ከጉልበት ሥር። ሁሉን ጨርሳ ልጇን ስታስተኛ ግን መለስ ብላ ቆመች። ያው ነው፤ በጀርባ፣ አገጭ ቀና፣ እጅ የተዘረጋ።

በሩ ተንኳኳ። ውጭ የወንድ ድምፅ፣ «እትዬ ዘሀራ አሉ? ከላይ ሰፈር ጀናዛ አለብን» አለ።

ዘሀራ ከአልጋው ዓይኗን ሳታነሣ፣ «ዛሬ ሌላ ሰው ፈልጉ» አለች። ጀናዛ ባጠበችበት ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ስትል የመጀመሪያዋ ነው። ሰውየው ግራ ገብቶት ሄደ።

ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥታ ሎሚ ይዛ ተመለሰች። የልጇን ቀኝ እጅ ገልብጣ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈችባት።

«ያዢው።»

«ስተኛ ይወድቅ የለ እንዴ?»

«እኔ እዚህ ነኝ።»

ባለ ሦስት እግር ዱካ ስባ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ዑምኩልሱም የሎሚውን ቅዝቃዜ እየሰማች፣ በትራሶቿ መሐል እየሰመጠች፣ ከሳምንታት በኋላ ያለ ፍርሃት እንቅልፍ ወሰዳት። ሎሚው ከእጇ ወጥቶ መሬቱ ላይ ሲንከባለል ነቃች፤ ዓይኗን ግን አልገለጠችም። ዱካው ጮኸ። የእናቷ ጆሮ ከንፈሯ አጠገብ መጥቶ ትንፋሿን ሲጠብቅ ተሰማት፤ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሎሚው ወደ መዳፏ ተመለሰ፤ የእናቷ እጅም ጣቶቿን እንደገና አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመረ።

ዑምኩልሱም እናቷ እስክትጨርስ አልጠበቀችም። አጥብቃ ጨበጠችው።